የሃዋይ ጎረቤቶቼና የተማም አንደበት

ማርች 18፣ እሑድ

ዛሬ ከሆቴሉ ሥራ ኦፍ ነበርኩ። ልብስ ላጥብ ወደ ላውንደሪው ወረድኩ። አንደኛው ማሽን ተበላሽቷል፣ ሌላው ላይ የጎረቤታችን የአንቲ ማሌያ ፎጣዎች እየተሽከረከሩ ነው። እሷም እዚያው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብላለች፣ በባዶ እግሯ። ስድሳን አልፋለች፣ አንቱ ልላት በተገባ። ግን በእንግሊዝኛ ለምዶብኝ እዚህ ደብተሬ ላይም አንቺ አልኳት።

ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት ለጥፋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ፓርኩ ውስጥ ዩኩሌሌ ይጫወታሉ፣ ያቺ ባለ አራት ክር ትንሿ ጊታር። በሜይ መጀመሪያ የአበባ ቀን አለ። በጁን ደግሞ የልጅ ልጇ አንድ ዓመት ይሞላታል፤ ለነሱ ይሄ ከሠርግ አይተናነስም። ስፕሪንግ ቫሊ ከገባን ጀምሮ የምንኖርበት ግቢ ግማሹ የሃዋይ ሰው ነው። ቬጋስን “ዘጠነኛዋ ደሴታችን” ይሏታል። በረሃ መሀል ደሴት!

“ባልሽን ይዘሽው ነይ” አለችኝ።

“ከቤት አይወጣም።”

“ቅዳሜ በየሳምንቱ አለ። ሲፈልግ ይመጣል።”

ሲፈልግ... ምን እንደሚፈልግ በምን ይነግረኛል? ጃንዋሪ ላይ ተማምን ታክሲው ውስጥ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ነው ስትሮክ የመታው። እግሩ ትንሽ ይጎተታል፣ ቀኝ እጁ ደክሟል፣ እነሱስ እየተሻሉ ነው። አንደበቱ ግን ተያዘ። ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉም ይገባዋል። አፉ ላይ የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ “ነገ”። ውሃ ሲፈልግ “ነገ”። ሲናደድ “ነገ! ነገ! ነገ!” ለምን ይቺ ቃል ተረፈች? ሐኪሞቹም አያውቁም።

ማታ እናቱ እማ ጦይባ ከአገር ቤት፣ ከሐርቡ ደወሉ። “ልጄስ?” አሉ። “ሥራ ላይ ነው እማ።” ተማም ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያየኛል። ስልኩን ስዘጋ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ማርች 23

የንግግር ሐኪሟ የመጨረሻ ቀን። ኢንሹራንሱ ከዚህ በላይ አይፈቅድም አሉ። የብርጭቆ ሥዕል ታሳየዋለች፣ “ነገ” ይላል። የበር ሥዕል፣ “ነገ”። ላብ ያጠምቀዋል። በር ላይ ስሸኛት “አነጋግሩት፣ ዝም አትበሉ” አለችኝ። ምን እያልኩ?

ልጃችን አማል ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቀጥታ ክፍሏ ትገባለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። “ባባ እኔን ሲያይ ማድ ይሆናል” ትለኛለች። አይደለም ልጄ። ስሟን ሊጠራ ይሞክርና አቅቶት ነው።

ማርች 27

ብርጭቆ ወረወረ። ስብርባሪውን እየጠረግኩ ሳለ ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ ሊያግዘኝ ሞከረ... ሁለታችንም አላየንም ለመምሰል ጥረን ጠረግነው።

ማርች 31

መውሊድ ነው። በየዓመቱ ሚቅዳድ ቤት ነበር የምናከብረው። ሚቅዳድና ተማም የሐርቡ ልጆች ናቸው፣ አብረው ያደጉ፣ እዚህም አብረው ታክሲ የነዱ። መንዙማውን የሚያወጣው ተማም ነው፤ ሚቅዳድና ሌሎቹ እየደጋገሙ ይቀበሉታል። የተማም ድምፅ... ሳላገባው በፊት ፊቱን ሳላይ የወደድኩት ድምፅ ነው።

ሚቅዳድ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ሊወስደው መጣ። “ተነስ እንጂ፣ ሁሉም አንተን ነው የሚጠብቀው።” ተማም መኝታ ቤት ገብቶ ዘጋው። ሚቅዳድ በሩን ቢያንኳኳ፣ ቢለምን... ከውስጥ “ነገ” ብቻ።

ሚቅዳድ ሲወጣ በመስኮት አየሁት። መኪናው ውስጥ ገብቶ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ቆየ። ሳይሄድ ብዙ ቆየ።

ኤፕሪል 14፣ ቅዳሜ

ይሄን በደንብ ልጻፈው!

ጠዋት በራችን ተንኳኳ። አንቲ ማሌያ። ማንም ሳይነግራት ነጠላ ጫማዋን ከኛ ጫማ አጠገብ አውልቃ ገባች። እነሱም ቤት እንዲህ ነው፤ በራቸው ላይ የጫማ ክምር ባየሁ ቁጥር መስጊድ የደረስኩ ይመስለኛል። እኔን አልፋ ተማም ፊት ቆመች።

“ታክሲ ነጂ ነህ አይደል? መንገድ ጠፍቶብኛል። ወደ ፓርኩ አሳየኝ።”

ቬጋስ ሃያ ዓመት የኖረች ሴት! ፓርኩ እኮ ሁለት የትራፊክ መብራት አልፎ ነው። ተማም ቀና ብሎ ትክ ብሎ አያት። ተንኮሏ እንደገባው አውቄያለሁ። ቢሆንም ተነሳ። ጃኬቱን ጠየቀ፣ በእጁ።

እኔና አማል መኪናዋ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን። እሱ ከፊት ሆኖ በግራ እጁ ያሳያታል፤ ቀጥ በይ፣ ታጠፊ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ሆን ብላ አለፈችው። “ነገ!!” ብሎ ጮኸባት። እሷ መሪውን ይዛ በሳቅ ተንከተከተች። ከዚያ... ተማምም ሳቀ። በአፉ ሙሉ፣ ድሮ እንደሚስቀው። አማል እጄን ጨብጣ ልትሰብረኝ!

ፓርኩ ውስጥ ከሁሉም ርቆ ተቀመጠ። ሲዘፍኑ መሬት መሬት ያያል። ሌላ ምንም አልሆነም። ግን ፀሐይ ሞቀ፣ ሰው መሀል ዋለ። አልሐምዱሊላህ ነው የምለው።

ኤፕሪል 21፣ ቅዳሜ

ዛሬም መንገድ ጠፋባት።

ወንበሩን ትንሽ ቀረብ አድርጎ ተቀመጠ። የአንቲ ማሌያ ወንድም አንክል ኬኦኪ ነው ዘፈኑን የሚመራው፤ ግዙፍ ሰው፣ ካዚኖ ውስጥ ካርድ ሲያከፋፍል ኖሮ ጡረታ የወጣ። ዩኩሌሌዋ እጁ ላይ መጫወቻ ነው የምትመስለው። እረፍት ሲሆን ወደ እኔ መጣ።

“አፉን አየሽው?” አለኝ።

“የማንን?”

“የባልሽን። ቋንቋችንን አያውቅም፣ ዜማውን ግን ይዞታል። ያንጎራጉራል።”

እኔ አላየሁም። ስንት ጊዜ ፊቱን ላለማየት ስሸሽ...

ኬኦኪ ሃዋይ ያለ ታላቅ ወንድሙን አነሳልኝ። እሱም ስትሮክ መትቶት አንዲት ቃል መናገር ተስኖት ነበር። የቤተክርስቲያን መዝሙር ሲጀመርለት ግን ከነግጥሙ ይጨርሰው ነበር። “ንግግር በአንድ በር ነው የሚወጣው፣ ዜማ በሌላ በር። አንዱ ቢዘጋ ሌላው ክፍት ሊሆን ይችላል። ባልሽ በፊት ምን ይዘፍን ነበር?”

“ዘፈን አይደለም። መንዙማ ነው። ነቢዩን የምናወድስበት፣ ጌታን የምንለምንበት።”

“እሱን ጀምሪለት እንጂ። ተናገር አትበይው። ጀምሪለትና ዝም በይ።”

እኔ ልጀምር? በኔ ድምፅ? ልጅ ሆኜ ሳንጎራጉር እናቴ “ዶሮዎቹን አታስደንግጪብኝ” ትለኝ ነበር።

ኤፕሪል 24

ይሄንንም ሳልተኛ ልጻፈው።

ከሥራ ገብቼ የታጠበ አንሶላ ላጥፍ ተቀመጥኩ። አንዱን ጫፍ ለተማም ሰጠሁት፣ በግራ እጁ ይይዝልኛል። አፍሬ፣ ፊቱን ሳላይ፣ እሱ ሁሌ የሚያወጣትን ጀመርኩ፤

“የጨነቀው ሁሉ...”

ድምፄ ተሰነጠቀ። ዝም አልኩ። እንደገና፤ “የጨነቀው ሁሉ...”

“...ደጅህ ይጠጋል።”

ማን ነው ያለው? ሳሎኑ ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ሰው የለም። አንሶላው ከእጄ ወደቀ።

“ያንተ ደጅ ያ ረቢ...” አልኩ።

“...መቼ ይዘጋል።”

በዜማ። ጥርት ብሎ። ቃሉ አንድም ሳይጎድል! የራሱን ድምፅ ሲሰማ ዓይኑ ፈጠጠ፣ አፉን በእጁ ያዘ፣ እንዳያመልጠው ይመስል። አማል ከክፍሏ ሮጣ ወጣች። “ዋት ዋዝ ዛት? ባባ ነው? ባባ ነው እንዴ?” እግሩ ሥር ተቀመጠች። እየደጋገምን... እስክንደክም።

ኤፕሪል 25

ሥራ ላይ ጋሪዬን እየገፋሁ ኮሪደሩ መሀል አለቀስኩ። ወርቅዬ፣ አብራኝ ክፍል የምታጸዳው፣ ደንግጣ መጣች። “ምነው? ተማም ባሰው?” “መንዙማ አወጣ!” አልኳት። እሷ ክርስቲያን ናት። ጋሪዋን ትታ አቀፈችኝ፣ “እልል በይ እንጂ ምን ታለቅሻለሽ” አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ ቀስ ብለን እልል አልን። ከአንዱ ክፍል እንግዳ ብቅ ብሎ አየን።

ሜይ 2

ቸኩዬ ነበር። ዜማው ከመጣ ወሬውም ይመጣል ብዬ። ዛሬ ለሚቅዳድ ደውዬ ስልኩን ለተማም ሰጠሁት። ሚቅዳድ “ተማም! ወንድሜ!” ይላል። ተማም ታገለ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ... “ነገ”። ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረው። ማታ መንዙማውንም እምቢ አለ።

ምን ነበረበት ቀስ ብል?

ሜይ 4፣ ዓርብ

ነገ የአበባ ቀን ነው። የግቢው ሴት ሁሉ አንቲ ማሌያ ቤት ተሰብስቦ ሌይ ይሠራል፣ አንገት ላይ የሚጠለቀውን የአበባ ጉንጉን። ወለሉ ላይ በአበባ የተሞሉ ባልዲዎች። ረጅም መርፌ ሰጡኝና አበባውን በሆዱ ወግቼ ክሩ ላይ መደርደር ጀመርኩ። አማል ከኔ ትፈጥናለች። ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያ ያደገች ነው የምትመስለው፣ ሁሉንም “አንቲ፣ አንቲ” እያለች። እኛም እኮ ሰፈር ውስጥ ያለውን ሁሉ እትዬና ጋሼ ስንል ነው ያደግነው።

ስለ ስልኩ ነገርኩት ለኬኦኪ። አልገሠጸኝም። “የሚፈልገውን ነገር በዜማ ይበል። ውሃውንም፣ ጨውንም። ዜማው ምርኩዝ ነው። ሲበረታ ራሱ ይጥለዋል።”

ሜይ 13

ቤታችን እብድ ቤት ሆኗል። አማል “ባባ ሻይ ትፈልጋለህ ወይ” በዜማ። ተማም “ስኳር... ጨምሪበት...” በዜማ። እኔ “ማነው ፎጣውን እዚህ የጣለው” በዜማ። ሳቁ ራሱ መድኃኒት ነው። ዛሬ ደግሞ “አማል፣ አማልዬ” እያለ አዜመላት። ክፍሏ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። ይህንንስ ለቅሶ ተዉት፣ ደግ ለቅሶ ነው።

ሜይ 20፣ እሑድ

ሚቅዳድ መጣ። ተቆጥቶ።

“በድሪያ፣ ምንድነው የምሰማው? ተማም ፓርክ ውስጥ ጊታር የሚመቱ ሰዎች መሀል ይውላል፣ መንዙማም ይሉበታል አሉ። ሰው ምን ይላል?”

“ሰውማ ይላል፣ አንደበት አለው። አንደበት ያጣው ተማም ነው።”

አዘንኩለት፣ የተቆጣው ወዶ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እውነቱን ነገርኩት። ፓርክ ውስጥ የነሱን ዘፈን ነው የሚሰማው። መንዙማው እዚህ፣ ቤት ውስጥ ነው። የቃሉ መውጫ በር እሱ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

“ማን ይቀበለዋል ታዲያ?” አለኝ ቀስ ብሎ።

“እኔና አማል።”

“እኔ እያለሁ?!”

ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ተማም አጠገብ ተቀመጠ። ተማም አየው፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አወጣ። ሚቅዳድ ተቀበለ። መጀመሪያ ላይ ድምፁ አልወጣ ብሎት ነበር፣ ሁለተኛው ላይ ተስተካከለ። ስንሰማ ዋልን። ሽሮው አረረብኝ፣ እንዳረረ በላነው።

ጁን 2

አንቲ ማሌያ ለልጅ ልጇ ልደት ጠራችን። ራሷ ሽቅብ መጥታ። “አሳማ በጉድጓድ ይጠበሳል፣ እናንተ እንደማትበሉ አውቃለሁ። የናንተ ጠረጴዛ ለብቻው ነው፣ ዕቃውም አዲስ ነው። ዶሮውን ከሐላል ሥጋ ቤት እገዛለሁ፣ የቱ ይሻላል?” ስለዚህ ነገር ማንም አስጠንቅቋት አያውቅም። አስባ ነው። ሰው ስለ ሰው እንዲህ ሲያስብ... ምን ብዬ ላመስግናት? “ኑሪልኝ” አልኳት በአማርኛ። “ዩ ቱ” አለችኝ!

ጁን 9፣ ቅዳሜ

ሕፃኗ ኖኤ ትባላለች። ዓይኗ ቁርጥ የአንቲ ማሌያን ነው። ፓርኩ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ እዚሁ ቬጋስ ዳር ካሉት ከሰመርሊን፣ ከሄንደርሰን፣ ከሃዋይም በአውሮፕላን የመጡ አሉ። እኛ ጠረጴዛ ላይ እኔ፣ ተማም፣ አማል፣ ሚቅዳድ። ፖይ የሚሉትን ምግብ ቀመስኩ፣ ከተክል ሥር የሚሠራ፣ እንደ ገንፎ ነው ግን ጎምዛዛ፣ እንደ ቦካ ሊጥ። ሚቅዳድ ደግሞ አስጨመረ።

ከምሳ በኋላ ኬኦኪ ተነስቶ ሽማግሌዎች ሁሉ ሕፃኗን ይመርቁ አለ። አንድ በአንድ እየሄዱ በየቋንቋቸው፣ በየእምነታቸው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ።

“ወንድሜ ተማም።”

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት... “ነገ” ቢልስ? ተማም ተነሳ። እግሩን እየጎተተ ሄደ። ዩኩሌሌዎቹ ዝም አሉ። ቆሞ ዓይኑን ጨፈነና አወጣ፤

“የጨነቀው ሁሉ ደጅህ ይጠጋል፣
ያንተ ደጅ ያ ረቢ መቼ ይዘጋል።”

ሚቅዳድ ከኋላዬ ተቀበለ። እኔም። አማልም። ሁለተኛው ላይ ሌሎች ድምፆች ሰማሁ... ዞር ስል የሃዋይ ሰዎች ናቸው፣ ቃሉን ሳያውቁ በዜማው ብቻ ይቀበላሉ። ማንም አላዘዛቸውም። አንዲት አሮጊት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ።

ሲጨርስ አንቲ ማሌያ ሕፃኗን አስጠጋችለት። ተማም ግራ እጁን ራሷ ላይ አኖረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ፣ ያለ ዜማ፣ እንዲሁ እንደ ሰው ወሬ፤

“እደጊ።”

አለ። “እደጊ... እደጊ ልጄ።”

ኬኦኪ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። ልነግረው ብዬ እኔ ነኝ መናገር ያቃተኝ።

ጁን 10

እማ ጦይባ ደወሉ። “ልጄስ?” ስልኩን ሰጠሁት።

“እማ” አለ። ትንሽ ቆየና “ደህና... ነኝ” አለ።

እሳቸውም፣ “ታምመህ እንደነበር አውቄያለሁ። ልጄ ይሄን ያህል ጊዜ ዝም አይለኝም። ጌታዬን ስጨቀጭቀው ነው የከረምኩት” አሉ። ለኔም፣ “አንቺ ልጅ፣ ያስታመምሽበት እጅሽ ይባረክ” አሉኝ። ዋሸሽኝ አላሉም። መረቁኝ።

ጁን 28

ቃላት እንደ እንግዳ ነው የሚመጡት፣ አንድ አንድ እያሉ፣ ሳይጠሩ። ዛሬ “መጋረጃ” መጣች። ከየት? ማን ጠራት? አንዳንዱ ቀን ደግሞ ምንም። ከባድ ቀን አሁንም አለ። ታክሲ መቼም አይነዳም ይሆናል፣ ሐኪሙ እንዲያ ነው ያለው። ሲነግሩት ራሱን ነቀነቀ።

ጁላይ 15፣ እሑድ

ቼክአውት፣ ክፍል የሚለቅ እንግዳ፣ የበዛበት ቀን፣ ወገቤ ለሁለት ሊከፈል። ከቀትር በኋላ ቤት ስገባ ተማም የለም። አማል፣ “ከአንክል ኬኦኪ ጋር ሄደ፣ ሎን ማውንቴን፣ ተራራው ጋ ያለው ሰፈር” አለችኝ። እዚያ የኬኦኪ የድሮ ባልደረባ አለ፣ ስትሮክ መትቶት አንደበቱ ተይዞ ተኝቷል። ኬኦኪ ተማምን “ትሄዳለህ?” ሲለው፣ አማል እንዳለችው፣ መልስ እንኳ አልሰጠም። ሸሚዙን ቀይሮ በሩ ላይ ቆመ።

ሶፋው ላይ ጋደም እንዳልኩ ገባ። አጠገቤ ተቀመጠና ጀመረ።

“ሰውዬው... አለቀሰ። እኔም... አለቀስኩ። ከዚያ... አዜምኩለት። እሱም... የራሱን... በፊሊፒን ቋንቋ። ትንሽ።” አረፈ። “ሚስቱ... ከስታለች። አትበላም... መሰለኝ። እንደ... አንቺ... ያኔ።”

ያኔ ያየኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

“ቅዳሜ... ምግብ... እንውሰድላቸው።”

“እሺ” አልኩት። “ዶሮ እሠራለሁ።”

በቃው ብዬ ነበር። የለም! ቀጠለ። ኬኦኪ መኪና አነዳዱን አያውቅበትም አለ። የፈለገበት ሌን፣ የፈለገበት መስመር ይገባል። የከተማውን ሰሜን በሙሉ ቤት ሠርተውበታል፣ ድሮ ተሳፋሪ ይዞ ሲሄድ ባዶ ሜዳ ነበር። ተራራው ብቻ እንደቆመ ነው። እያንዳንዷን ቃል ፈልጎ፣ ቆፍሮ፣ እያወጣ... እኔ ዓይኔ ይከደናል፣ እሱ ትከሻዬን ነካ ያደርገኛል።

“ተማም፣ በአላህ፣ ትንሽ ዝም በልልኝ፣ ልተኛበት” አልኩት።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ደንግጬ ብድግ አልኩ። ምን አልኩ? እኔ ነኝ ይሄን ያልኩት? ተማም አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ሳቅ አፈነው፣ ትራሱን ከራሴ ሥር አስተካከለልኝ።

“ተኚ” አለኝ። ወዲያው ደግሞ፣ “ያ... መታጠፊያ ጋ... ደግሞ...” ብሎ ቀጠለ።

ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። አላህ አያቋርጥብኝ።